ላሎና እንዶድ፦ ከአጠባ የተረፈው አረፋ

እንዶድ የደጋና የወይና ደጋ ተክል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 3000 ሜትር ባለው ከፍታ፣ በጓሮና በአጥር ሥር ይበቅላል። በሱዳን ድንበር ያለችው መተማ ዮሐንስ ግን ከ700 ሜትር ብዙም አትርቅም። ለሰሊጥ አረማና አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ የተባለው ወቅታዊ ሠራተኛ ከእናቱ ጓሮ የሚያውቀውን ተክል እዚህ አያገኘውም። የቆላው ዛፍ እሾሃሙ ላሎ ነው፤ ሌላው አገር በደኖ ይለዋል። ከጋላባት ማዶ ያሉት ሱዳኖች ደግሞ ፍሬውን ላሎብ ይሉታል።

ሁለቱ ተክሎች ዝምድና የላቸውም። የሚያገናኛቸው ሳፖኒን የተባለው፣ ከውሃ ጋር ሲመታ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ነው። የእንዶድ ፍሬ ሳይቀላ፣ አረንጓዴ እንዳለ ተለቅሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ተወቅጦ ይዘፈዘፋል። ነጠላና ጋቢ ኦሞ ከመምጣቱ በፊት ለብዙ ዘመን የነጣው በዚህ ነው። ላሎ ደግሞ ፍሬው ምሬትና ጣፋጭነት የተቀላቀለበት፣ የሚመጠጥ ነው። ቅርፊቱና ሥሩም አረፋ ስለሚያወጡ በሱዳን እንደ ሳሙና አገልግለዋል፤ ዓሣ አጥማጆችም ዓሣ ለማደንዘዝ ተጠቅመውበታል።

 ወንዝ ዳር ከአጠባ የተረፈው አረፋ ከድንጋዩ ላይ ወርዶ ከዓይን ይጠፋል። የት እንደገባና ምን እንደሠራ የጠየቀ ሰው ጥቂት ነው። የላሎ ፍሬ በውሃ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከመረመሩት አንዱ ካርቱም ይሠራ የነበረው ብሪታንያዊ ሐኪም ሮበርት አርቺባልድ ነበር። የሱዳኑ የሰናር ግድብ እ.ኤ.አ. በ1925 ተሠርቶ የገዚራ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ፣ የቢልሃርዝያ በሽታ ስጋት ከመስኖው ጋር አብሮ አደገ። አርቺባልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ጽሑፍ የላሎ ፍሬ በሽታውን ለመከላከል እንደሚረዳ አስረዳ፤ ምክንያቱም የፍሬው መርዝ በሽታውን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ ይገድላል። ዛፉን በቦይ ዳር ተክሎ ፍሬው ራሱ ውሃው ውስጥ እንዲረግፍ የማድረግ ሐሳብም ከዚህ የመነጨ ነው።

በኢትዮጵያ በኩል ተመሳሳይ ግኝት የመጣው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በሌላው ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ከአጣቢዎቹ አንዷ አረፋውን ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ኋላ በቤተ ሙከራ እንደታየው፣ በአንድ ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም የሚሆን የእንዶድ ዱቄት በ24 ሰዓት ውስጥ ይገድላቸዋል።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው የበሽታው መንገድ ነው። እጩ ትሉ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ በቆዳ በኩል የሚገባው ውሃ ውስጥ በሚቆም ሰው ላይ ነው። ስለዚህ አጣቢዋና አጠገቧ የሚንቦጫረቀው ልጅ ለበሽታው ከሁሉ የቀረቡ ናቸው፤ መከላከያውም በእጇ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ላይ በተደረገው ሙከራ ወንዞቹ በእንዶድ ሲታከሙ፣ በትንንሽ ሕፃናት መካከል የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአንድ ወንዝ ዳር የተስተዋለ ነገር እዚህ መድረሱ የሚያኮራ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በላብራቶሪና በፓተንት የተሞላ ነው። ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ የተሻለ ኃይል ያለውን የእንዶድ ዝርያ መረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር አክሊሉ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ ለመግደል በእንዶድ ላይ ፓተንት አወጣ። ለዘመናት ፍሬውን ሲወቅጡ የኖሩት ሴቶች ስም በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ የለም፤ ይህ የሚያስቆጭ ጉድለት ነው።

ላሎ ግን እንዲህ ያለ ዕድል አልገጠመውም። በምዕራብ ጎንደር ቆላ የሰሊጥና የጥጥ እርሻ ጫካውን ሲገፋ ቆይቷል፤ ዛፉ የሚታወቀውም በፍሬው፣ በጠንካራ እንጨቱና ለከብት በሚሆነው ቅጠሉ ነው። ከጣና ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች የሚነሣው ጓንግ ቆላውን አቋርጦ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይሆናል፤ የሁለቱም አገር ሰው የሚታጠበው በአንድ ውሃ ነው። ዓድዋ ላይ ለእንዶድ የተደረገው ዓይነት የዓመታት ክትትል በዚህ ወንዝ ዳር ለላሎም ይገባዋል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ቅርብ ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፦ ስንት ፍሬ ለስንት ውሃ? አረፋው በስንት ቀን ኃይሉን ያጣል? ሳፖኒን ዓሣንም ስለሚጎዳ፣ ከጓንግ ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ምን ያገኘዋል?