ፒኤል ዜሮ፦ ለማስተማር የተፈጠረ ቋንቋና ኮምፓይለሩ

ባለፈው ክፍለ ጊዜ አንድ ተማሪ «ማንም ለማይሠራበት ቋንቋ ኮምፓይለር መጻፍ ምን ይፈይዳል?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። ዛሬ በታሪክ ልመልስለት እሞክራለሁ።

ኒክላውስ ቪርት በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ፓስካልን ሲነድፍ፣ የመጀመሪያው ኮምፓይለር በፎርትራን እንዲጻፍ ተሞክሮ ነበር። ሙከራው ከሸፈ፤ ፎርትራን የኮምፓይለርን ውስብስብ መዋቅር ለመግለጽ አልበቃም። ሁለተኛው በራሱ በፓስካል ተጻፈ። ፓስካልን የሚተረጉም ኮምፓይለር ገና ሳይኖር ይህን ማን ይተረጉመዋል? ሰው ነዋ! በእጅ ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ቋንቋ ተመለሰ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ።

ቪርት በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «አልጎሪዝሞች + የዳታ መዋቅሮች = ፕሮግራሞች» በተሰኘው መጽሐፉ ፒኤል ዜሮን ከነሙሉ ኮምፓይለሩ አቀረበ። ቋንቋው ሙሉ ቁጥር እንጂ ሌላ የዳታ ዓይነት አያውቅም፤ ፕሮሲጀሮቹ ግቤት አይቀበሉም፤ የተከለሉት ቃላት 11 ብቻ ናቸው። ኮምፓይለሩ የሚያመነጨው ኮድ የሚሠራበት ምናባዊ ማሽንም 8 ትእዛዞች ብቻ አሉት። የማተሚያ ትእዛዝ እንኳ የለም! ውጤቱ የሚታየው፣ አስፈጻሚው ፕሮግራም በተለዋዋጭ ውስጥ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን ዋጋ ስለሚያትም ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የሰዋስው ሕጎቹ ወደ ፕሮሲጀር የተለወጡበት መንገድ ነው። የሒሳብ አገላለጽን የሚያነበው ፕሮሲጀር የድምር አባላትን የሚያነበውን ይጠራል፤ እርሱም ተባዦችን የሚያነበውን። ይህ ሦስተኛው ቅንፍ ሲያጋጥመው ተመልሶ የመጀመሪያውን ይጠራል። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ የቱንም ያህል ቢደራረብ፣ ሥራው በዚሁ ዙር ይፈጸማል። በዘመኑ የነበረው መደበኛ ፎርትራን እንዲህ ያለውን ወደ ራስ የሚመለስ ጥሪ አይፈቅድም ነበር።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ የኮምፓይለርን የስህተት መልእክት እንደ ዳኛ ፍርድ እቆጥር ነበር፤ ያመለከተኝን መስመር ደጋግሜ ስመረምር ስንት ሌሊት አልፏል። ፒኤል ዜሮ ስህተት ሲያገኝ ከመስመሩ ሥር ቀስትና ቁጥር ያስቀምጣል፤ ቁጥር 5 ነጠላ ሰረዝ ወይም ድርብ ሰረዝ ጎድሏል ማለት ነው። ኮዱን ሳነብ ነገሩ ተገለጠልኝ፦ ቀስቱ የሚቆመው ኮምፓይለሩ ስህተቱን ባወቀበት ቦታ እንጂ እኔ በሳትሁበት ቦታ አይደለም። ለካስ ብዙ ጊዜ የምወቅሰው ንጹሑን መስመር ኖሯል።

ፒኤል ዜሮ «ከሆነ» የሚል ቃል አለው፤ «አለበለዚያ» ግን የለውም። የጠያቂዬም የእናንተም የቤት ሥራ ይህ ነው፦ በ8ቱ ትእዛዞች ላይ አንድም ሳትጨምሩ «አለበለዚያ»ን አስገቡለት።