በመፀው የተቈፈረ መሬት
የእንግሊዝ ቤተ ሰብና የጓሮ አትክልት ታሪክ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦርነት ድል ብቻ ተጽፎ አያልቅም። ድኻው በጓሮው የተከለው ጎመን፥ ሚስቱ ለብርድ ወራት ያስቀመጠችው ድንች፥ ልጆቹ የለቀሙት ፍሬ የራሱ ታሪክ አለው፤ ይህም ታሪክ ብዙ ጊዜ ከቤተ መንግሥት ታሪክ ይልቅ የሕዝቡን ጠባይ ገልጦ ያሳያል። የእንግሊዝ ሰዎች በመርከብና በንግድ፥ በመኪናና በፋብሪካ የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ ብዙዎቹ አንዲት ቁራጭ መሬት ቈፍረው ቤተ ሰባቸውን ለመመገብ ረዥም ዘመን የታገሉ መሆናቸው እምብዛም አይነገርም። ይህም ትግል ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በመፀውና በብርዱ ወራት መግቢያ ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር መፀው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለው ወራት ነው፤ ዝናሙ አልፎ ምድር በአበባ የምታጌጥበት፥ ማሕሌተ ጽጌ የሚቆምበት ዘመን ነው። በእንግሊዝ አገር ግን በዚሁ ወራት ነገሩ ሁሉ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ቀኑ እያጠረ ሄዶ በታኅሣሥ 12 ቀን ገደማ በሎንዶን የፀሐይ ብርሃን 8 ሰዓት አይሞላም። የዛፉ ቅጠል ይቀላል፥ ይረግፋል፤ ውርጭ ይወርዳል፤ ሳይሰበሰብ የቀረው ፍሬ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ የአትክልተኛው ሥራ በሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ያለፈውን ዓመት ፍሬ መሰብሰብ፥ ሁለተኛው ለሚመጣው ዓመት መሬቱን መቈፈር ነው። ከባዱ መሬት በመፀው ተገልብጦ፥ ፍግ ገብቶበት፥ ጓሉ ሳይከሰከስ እንዲሁ ይተዋል። ከዚያ በኋላ በጓሉ ውስጥ ያለው ውሃ በብርድ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ጓሉን ይሰነጥቀዋል፥ ያደቀዋልም። በዚህ ዓይነት አትክልቱን የሚገድለው ብርድ ራሱ መሬቱን የሚያለሰልስ ሠራተኛ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመንና ወር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ከ18ኛው መቶ ዓመት በፊት በብዙ የእንግሊዝ መንደር የእርሻው መሬት በአጥር ያልተከፈለ ሰፊ ሜዳ ነበረ፤ ከእርሻውም ዳር የወል መሬት ነበረ። ድኻው የራሱ ርስት ባይኖረውም በዚህ በወል መሬት አንዲት ላም ወይም ጥቂት ዝይ ያሰማራል፥ ማገዶም ይለቅማል። መከሩ ከተሰበሰበ በኋላ ሩት በቦዔዝ እርሻ እንደ ቃረመች ሴቶችና ልጆች ይቃርማሉ። የዓመቱም ሥራ በቅዱሳን በዓል ይቈጠር ነበር። ሴፕቴምበር 29 ቀን የቅዱስ ሚካኤል በዓል ሲውል የመሬት ኪራይ ይከፈላል፥ ሒሳብ ይዘጋል፥ በቃርሚያ የወፈረ ዝይም ታርዶ ይበላል። ልጆች ከዚህ በዓል በኋላ የአጥር እንጆሪ እንዳይበሉ ይከለከሉ ነበር፤ ዲያብሎስ በቅዱስ ሚካኤል ከሰማይ በተጣለ ጊዜ በእንጆሪው እሾኽ ላይ ወድቆ ፍሬውን ረግሞታል ይባላልና። ነገሩ የባላገር ተረት ቢሆንም ጥቅም አላጣም፤ በዚያ ወራት ፍሬው ርጥበት ገብቶት ይበላሻል። ኖቬምበር 11 ቀን የቱር ኤጲስ ቆጶስ የቅዱስ ማርቲን በዓል ሲደርስ ደግሞ ለብርዱ ወራት ድርቆሽ የማይበቃላቸው ከብቶች ይታረዳሉ፥ ሥጋቸውም በጨው ታሽቶ ይቀመጣል።

ይህን ሥርዓት የለወጠው አጥር ነው። ባለርስቶች መሬቱ በአንድ እጅ ተጠቃሎ ቢታጠር ብዙ እኽል ይሰጣል ብለው ለፓርላማ ያመለክቱ ጀመር። ከ1604 እስከ 1914 ዓ.ም. ከ5,200 የሚበልጡ የአጥር ሕጎች ወጡ፤ በእነዚህም ሕጎች 6,800,000 ኤከር፥ ይኸውም የእንግሊዝ አገር አንድ አምስተኛ ያኽል፥ ታጠረ። አንድ ኤከር ወደ 4,000 ካሬ ሜትር ነው። እኽሉ በእውነት በዛ፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በወል መሬት ላም ያሰማራ የነበረው ድኻ ላሟን አጣ። ከእንግዲህ ወዲህ ወተቱንም ማገዶውንም በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነበት፤ ገንዘቡም የቀን ምንዳ ብቻ ነበረ።

የዚህ ነገር መራራነት በ1830 ዓ.ም. መፀው ገነፈለ። በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛው የብርዱን ወራት የሚያሳልፈው በጐተራ ውስጥ እኽል በእጁ እየወቃ ነበር። የመውቂያ መኪና በመጣ ጊዜ ግን የብርዱ ወራት እንጀራ ከእጁ ተነጠቀ። ስለዚህ በኦገስት መጨረሻ በኬንት አውራጃ የተነሣው ሁከት በመፀው ወራት ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ እንግሊዝ ተስፋፋ፤ ሠራተኞች እየተሰበሰቡ መኪናውን ይሰብራሉ፥ ክምሩንም ያቃጥላሉ። ፍርዱ ከባድ ነበረ፤ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፥ ወደ 500 የሚጠጉትም ወደ አውስትራልያ ተጋዙ። በዚያ ዓመት በብዙ ጎጆ የልደት በዓል ያለ አባት ተከበረ።

ይህን መከራ አስቀድመው ያዩ ካህናት አልጠፉም። በዊልትሻየር አውራጃ የግሬት ሶመርፎርድ አጥቢያ ቄስ የነበሩት እስቴፈን ዴማንብሬ የአጥቢያቸው መሬት ሊታጠር በሆነ ጊዜ 6 ኤከር ለድኾች ለዘለዓለም እንዲቀርላቸው ንጉሡን ሣልሳዊ ጆርጅን በደብዳቤ ለመኑ። ልመናቸው ተሰማ፤ በ1809 ዓ.ም. መሬቱ የድኾች አትክልት ሆነ፥ እስከ ዘመናችንም ቈየ። ከ1830 ዓ.ም. ሁከት በኋላ ብዙ ባለርስቶችና ካህናት በየመንደሩ ለድኻው በጥቂት ኪራይ ቁራጭ መሬት መስጠት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ በርኅራኄ፥ አንዳንዶቹም በፍርሃት። መሬቱ ሲሰጥ ሥርዓት ይጻፍለት ነበር። በብዙ ስፍራ በሰንበት መቈፈር የተከለከለ ነበረ፤ በአንዳንድ ስፍራም ቤተ ክርስቲያን የማይሳለም ሰው መሬቱን ያጣ ነበር። በ1845 ዓ.ም. የወጣው የአጥር ሕግ ደግሞ መሬት ሲታጠር ለድኾች የአትክልት ስፍራ እንዲተው አዘዘ፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠውም ከሩብ ኤከር እንዳይበልጥ ወሰነ። ነገር ግን ከዚህ በኋላ ከታጠረው ከ600,000 ኤከር በላይ መሬት ለድኾች የደረሰው 2,200 ኤከር ያኽል ብቻ ነው። ሕጉ በቃል ለጋስ፥ በእጅ ግን ቈንቋና ነበረ።

ይህች ቁራጭ መሬት ትንሽ ብትሆንም ለአንድ ቤተ ሰብ የመፀውን ፍርሃት ታቀልለት ነበር። አባትዮው የቀን ሥራውን ጨርሶ በምሽት ድንች ይቈፍራል፤ እናትና ልጆች ከኋላው እየተከተሉ ይለቅማሉ። የቈሰለው ድንች ተለይቶ ቶሎ ይበላል። ደኅናው ግን በገለባ ላይ ይከመራል፥ በገለባ ይሸፈናል፥ በላዩም ዐፈር ይደመደማል፤ ትንፋሹ እንዲወጣ ከጫፉ ጥቂት ገለባ ብቅ ይላል። ሽንኵርቱ ተጐንጕኖ ከጣራው ይንጠለጠላል። ፖሙ እርስ በርሱ ሳይነካካ በገለባ ላይ ይደረደራል፤ አንዱ ቢበሰብስ ሌላውን ያበሰብሳልና። ጎመኑ ብቻ ውርጩን ታግሦ በመሬቱ ይቈያል፥ ከውርጩም በኋላ ጣዕሙ ይጨምራል። የድንቹ ልጣጭና ደቃቁ ለእሪያው ይሆናል። በኢትዮጵያ የማይበላው ይህ እንስሳ ለእንግሊዝ ድኻ እንደ ጐተራ ነበረ፤ በመፀው መጨረሻ ይታረዳል፥ በጨው የታሸ ሥጋውም የብርዱን ወራት ያሻግራል። በ1821 እና በ1822 ዓ.ም. ዊልያም ኮቤት ስለ ጎጆ አስተዳደር ባወጣው መጽሐፍ ለድኾች ያስተማራቸው ይህንኑ ነው፤ እንጀራን በቤት መጋገርን፥ ጠላን በቤት መጥመቅን፥ እሪያን ማርባትን።

ይሁን እንጂ በአንድ ተክል ብቻ የተመካ ሰው በአንድ ሌሊት ይደኸያል። በ1845 ዓ.ም. መፀው የድንቹ ቅጠል ጠቈረ፥ ሥሩም በመሬት ውስጥ በሰበሰ። በእንግሊዝ ብዙ ቤተ ሰብ ተቸገረ፤ ከድንች በቀር ሌላ መብል ባልነበረው በአየርላንድ ድኻ ላይ ግን በተከታዮቹ ዓመታት ወደ 1,000,000 ሰው በረኃብና በበሽታ አለቀ። ሊቃውንት የበሽታውን ምክንያት ሲመረምሩ ብዙዎቹ ዝናሙና ብርዱ ነው አሉ። በኖርዛምፕተንሻየር አውራጃ ይኖሩ የነበሩት ቄስ ማይልስ ጆሴፍ በርክሌይ ግን በ1846 ዓ.ም. ቅጠሉን የሚገድለው በዓይን የማይታይ ሻጋታ ነው ብለው ጻፉ፤ ኋላም እውነቱ እርሳቸው ያሉት ሆኖ ተገኘ።

ድካሙ እንዲህ ሲሆን ምስጋናውም አልተረሳም። በኮርንዎል አውራጃ የሞርዌንስቶ አጥቢያ ቄስ ሮበርት ሃውከር በ1843 ዓ.ም. ኦክቶበር 1 ቀን ሕዝቡን ለመከር ምስጋና ወደ ቤተ ክርስቲያን ጠሩ። ይህ ልማድ በየአጥቢያው ተስፋፍቶ ዛሬ የእንግሊዝ ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዱባው፥ ካሮቱ፥ ፖሙና እንጀራው በመቅደሱ ፊት ይደረደራል፥ ከጸሎቱም በኋላ ለችግረኞች ይታደላል። ከስብከተ ልደታቸው በፊት ባለው የመጨረሻ እሑድ የሚደገመው ጸሎት ደግሞ እግዚአብሔር የምእመናንን ፈቃድ እንዲያነቃቃ የሚለምን ነው። በእንግሊዝኛ «ማነቃቃት» የሚለው ቃል «ማማሰል» ተብሎም ይፈታልና ሴቶች ይህን ጸሎት ሲሰሙ የልደቱን ጣፋጭ መብል የማማሰያው ጊዜ መድረሱን ያስቡ ነበር። በዚያ ሳምንት የቤቱ ሰው ሁሉ፥ ከአባት እስከ ትንሹ ልጅ፥ በየተራው ያማስላል፤ ማማሰያውንም ስለ ሰብአ ሰገል መታሰቢያ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያዞሩታል። ቃሉ ኅብር ነው፤ ለቅኔ የሠለጠነ ጆሮ ያላት የቤት እመቤት ሰምና ወርቁን በድስቷ ውስጥ አገኘችው።

በ1908 ዓ.ም. የወጣው ሕግ የአትክልት መሬት ለሚሹ ሰዎች ማዘጋጀትን የየአጥቢያውና የየከተማው ምክር ቤት ግዴታ አደረገው። ከዚህ ወዲያ ቁራጭዋ መሬት የባለጠጋ ምጽዋት መሆኗ ቀርቶ የሕዝብ መብት ሆነች። ጥቅሟም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተገለጠ። ጦርነቱ በ1939 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 3 ቀን ሲታወጅ አገሪቱ የምትበላውን አብዛኛውን ምግብ በመርከብ የምታስመጣ ነበረች። በኦክቶበር መጀመሪያ የእርሻ ሚኒስትሩ ሰር ሬጂናልድ ዶርማን ስሚዝ 500,000 አዲስ የአትክልት ስፍራ እንዲቈፈር በራዲዮ ለመኑ፤ «ለድል ቈፍሩ» የሚለውም ጥሪ በየግድግዳው ተለጠፈ። በሎንዶን የጥንቱ ግንብ ዙሪያ ያለው ጕድጓድ እንኳ ጎመን ተተከለበት። በጦርነቱ መጀመሪያ ወደ 815,000 የነበረው የአትክልት ቁራጭ በ1943 ዓ.ም. ወደ 1,400,000 ደረሰ። ከ1940 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 7 ቀን ጀምሮ አውሮፕላን ሌሊት ሌሊት ሎንዶንን ሲደበድብ፥ ብዙ ቤተ ሰብ የሚጠለለው በጓሮው ግማሹ በተቀበረ የቆርቆሮ መሸሸጊያ ውስጥ ነበረ። በመሸሸጊያው ላይ የተከመረውን ዐፈር አትክልት ይተክሉበት ነበር። በዚያ መፀው አንዲቱ ዐፈር ቤተ ሰቡን ከሞት ትሸሽጋለች፥ በማግሥቱም ትመግበዋለች።

እነዚህን የእንግሊዝ መፀዎች በስደት ያየ የኢትዮጵያ ቤተ ሰብም ነበረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው በፋሺስት ኢጣልያ በተወረረች ጊዜ በ1936 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ገብተው በባዝ ከተማ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዙ። ከቤተ ሰባቸውና ከተከተሏቸው ሰዎች ጋር እስከ 1940 ዓ.ም. ጁን ድረስ መኖሪያቸው በዚያ ነበረ። መስከረም በደረሰ ጊዜ በአገራቸው አደይ ሲፈነዳ በባዝ ግን ቅጠል ሲረግፍ አራት ጊዜ አዩ። በ1941 ዓ.ም. ሜይ 5 ቀን አዲስ አበባ ከገቡ በኋላም ያስጠለላቸውን ቤት አልረሱም፤ በ1958 ዓ.ም. ለከተማዪቱ አረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ሰጡት።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር አንድ ነው። በመፀው መሬት የሚቈፍር ሰው በፊቱ የሚያየው የረገፈ ቅጠልና ባዶ ጓል ብቻ ነው፤ የሚቈፍረውም ለማያየው ወራት ነው። አጥር መሬቱን በወሰደበት ጊዜ መፀው ለእንግሊዝ ድኻ የፍርሃት ወራት ሆነ፤ ጥቂቱ በተመለሰለት ጊዜ የምስጋና ወራት ሆነለት። በመካከሉ የነበረው ልዩነት ሩብ ኤከር እንኳ የማይሞላ መሬት ነው። የድኻውን ቤት ለማቆም ብዙ እንደማያስፈልግ፥ ለማፍረስም ብዙ እንደማያስፈልግ ከዚህ ይታወቃል። ስለዚህ መሬትን የሚያካፍል ባለሥልጣንና ሕዝብን የሚጠብቅ ካህን ሁለቱም ብርዱ ከመምጣቱ በፊት ያስቡ፤ ውርጭ ከወረደ በኋላ የሚሰጥ ዘር አይበቅልምና።