የመጋዝ ጥርስ ስለትና ዝማሜ፦ የአንድ ሙያ ቃላት ታሪክ

በአማርኛ የአናጢነት ቃላት ውስጥ ከመጋዝ ጋር የሚዛመዱት ጥቂት ናቸው፤ ይሁን እንጂ በእነዚህ ጥቂት ቃላት የልዩ ልዩ ዘመን ታሪክ ይነበባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ታሪኩን በአጭሩ መግለጽና አንድ የጎደለ ቃል ማመልከት ነው።

ግዕዝ መጋዝን «ሞሠርት» ይለዋል፤ ሥሩም «ወሠረ» ነው። የዐረብኛው «ወሸረ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው «ዕርገተ ኢሳይያስ» ነቢዩ በመጋዝ እንደ ተሰነጠቀ ይተርካል። አማርኛ ግን ሞሠርትን አልወረሰም፤ በምትኩ «መጋዝ» ይላል።

«ሞረድ» መንገዱ ሌላ ነው። ዐረብኛ ይህንኑ መሣሪያ «ሚብረድ» ይለዋል፤ «በረደ» ማለትም ሞረደ ማለት ነው። ነበረ «ኖረ» እንደ ሆነ ሁሉ፣ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ «ብ» ወደ «ው» ላልቶ በአናባቢው ተዋጠ ማለት ይቻላል። «ሞረደ» የተባለው ግሥም ከስሙ የወጣ ይመስላል። ከመጋዝ ሥር የሚረግፈው «ሰጋቱራ» ደግሞ እንደ ፒንሳ፣ እንደ ካቻቢቴና እንደ ሞርሳ ከጣልያንኛ የመጣ ነው።

«ሳለ» ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የተለየ ችግር ያመጣል። ሰሐለ (አሰላ)፣ ሠዐለ (ሥዕል ሠራ) እና ሰዐለ (ሳል ያዘው) የጉሮሮ ድምፆቻቸው ስለ ጠፉ በአማርኛ አንድ ሆነዋል። ስለዚህ ሦስት መግቢያ ቃላት እንጂ የአንድ ቃል ሦስት ፍቺ ተደርገው ሊቀመጡ አይገባም። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት የግዕዙን ሥር በጥንት ፊደሉ ማስቀመጡ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ሥራው ራሱ በቅደም ተከተል ይከናወናል። በመጀመሪያ የጥርሶቹ ጫፍ በጠፍጣፋ ሞረድ እኩል ይደረጋል። ቀጥሎ ጥርሶቹ አንዱ ወደ ቀኝ፣ ተከታዩ ወደ ግራ ይገፋሉ፤ ከግማሽ ቁመታቸው በታች ከተገፉ ግን ሊሰበሩ ይችላሉ። በመጨረሻ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ በጥርሶቹ መካከል ይሄዳል። እንጨቱን በርዝመቱ ለሚሰነጥቅ መጋዝ ሞረዱ ቀጥ ብሎ፣ በአግድም ለሚቆርጥ ግን ተጋድሞ ይያዛል። ጥርሶቹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ባይገፉ ኖሮ ስንጥቁ ከብረቱ ውፍረት ስለማይሰፋ መጋዙ ይነክስ ነበር። እርጥብ እንጨት ሰፋ ያለ፣ ደረቅ ወይራ ደግሞ ጠበብ ያለ ግፊት ይፈልጋል።

ተርጓሚ የሚቸገረው በዚህ ሁለተኛ ተግባር ነው። «ማጣመም» ጥፋትን ያመለክታል፤ «ማዛነፍ» አለመመጣጠንን ይጠቁማል፤ «ማጋደል» ከመገዳደል ጋር ይምታታል። «ማዝመም» ግን የዘመመ ቤት እንደምንለው ከቀጥታ ወደ ጎን ማዘንበልን ብቻ ይገልጻል። ስሙ «ዝማሜ» በዜማ ቤት መቋሚያን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማወዛወዝ ስለሆነ ተለዋዋጭነቱንም ይይዛል። ስለዚህ «የጥርስ ዝማሜ» የሚለው ስያሜ ለውይይት ቀርቧል።

ነገር ግን ከስያሜ በፊት ስብሰባ ይቀድማል። በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር በተቆረቆረችው ሀዋሳ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ሙያተኛውም ለዚህ ተግባር የራሱ አጠራር ሊኖረው ይችላል። ዛሬ ጥርሳቸው በሙቀት የጠጠረ መጋዞች በሞረድ ስለማይሳሉ ሲዶለዱሙ ይጣላሉ። ተግባሩ ሲቀር ቃሉም ይቀራልና፣ ሞረድ ይዘው ያደጉ አናጢዎች ሳሉ አጠራራቸው በየቋንቋው ሊመዘገብ ይገባል።