ክፍት ጉባኤ፣ ሕቡዕ ድርጅት፦ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት በውጭ አገር

በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሁለት ትልልቅ ማኅበራት ነበሯቸው። የሰሜን አሜሪካው ሥሩ እስከ 1940ዎቹ ይደርሳል፤ የአውሮፓው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቆመ። ዓመታዊ ጉባኤያቸውን የሚጠሩት ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት፣ ብዙውን ጊዜ በነሐሴ ነበር። አባል ለመሆን ኢትዮጵያዊና ተማሪ መሆን ይበቃ ነበር፤ የፖለቲካ እምነት አይጠየቅም። ይህ ደንብ ማኅበራቱን የሁሉም ቤት አደረጋቸው። በኋላ ላፈረሳቸው ጠብም መነሻ ሆነ፤ በሩ ለሁሉም የተከፈተ ጉባኤ በሚያሳልፈው ውሳኔ ላይ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ደንቡ አይናገርምና።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥያቄው አልተነሳም። ማኅበራቱ የአገር ልጅ ከአገር ልጅ የሚገናኝባቸው፣ ናፍቆት የሚረሳባቸውና ችግር የሚካፈሉባቸው ነበሩ። ነፃነት ሲባል መጀመሪያ የታሰበው ከኤምባሲ ነፃ መሆን ነው። የተማሪው ፓስፖርት የሚታደሰውም ሆነ የብዙዎቹ የትምህርት ወጪ የሚላከው በመንግሥት በኩል ስለነበር፣ ዘውዱን በአደባባይ መንቀፍ ዋጋ ያስከፍል ነበር። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ግን ሰዉን አነቃው። በየካቲት 1957 የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ከወጡ በኋላ ደግሞ የውጭዎቹ ጉባኤዎች ቋንቋ ፈጽሞ ተለወጠ። የሰሜን አሜሪካው ማኅበር መጽሔት «ቻሌንጅ»፣ የአውሮፓው ማኅበር «ታጠቅ» እና «ትግላችን» የመሬት ይዞታን፣ የመደብ ትግልንና የኢምፔሪያሊዝምን ነገር ይተነትኑ ጀመር።

ሁለተኛው የነፃነት ጥያቄ ከዓለም መጣ። በዚያ ዘመን የዓለም ተማሪዎች በሁለት ማዕከላት ተከፍለው ነበር። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1946 ፕራግ ላይ የተመሠረተውና ከሶቪየት ጎራ ጋር የቆመው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ኅብረት ሲሆን፣ ሌላው ጽሕፈት ቤቱን ሆላንድ፣ ላይደን ያደረገው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ጉባኤ ነው። የላይደኑ ራሱን ከፖለቲካ የነፃ መድረክ አድርጎ ያቀርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ግን ገንዘቡ በስውር ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. ይመጣ እንደነበር «ራምፓርትስ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አጋለጠ፤ ድርጅቱም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ። በየአህጉሩ ለነበሩ ተማሪዎች ትምህርቱ መራራ ነበር። ወገንተኝነቱን በግልጽ የሚናገር መድረክ ቢያንስ ማን መሆኑ ይታወቃል። ወገን የለኝም የሚለው ግን አዳራሹን ማን እንደከፈለለት ካልተናገረ ተሰብሳቢውን ያታልላል።

የጉባኤዎቹ አሠራር ለክርክሩ መልክ ሰጥቶታል። መጀመሪያ ሰብሳቢ ይመረጣል፤ ቀጥሎ አጀንዳ ይጸድቃል፤ በየርዕሱ የተዘጋጁ ጽሑፎች ይነበባሉ፤ ኮሚቴዎች ረቂቅ ውሳኔ ያወጣሉ፤ በመጨረሻ ድምፅ ይሰጣል። ክርክሩ ሌሊቱን ሙሉ ሊዘልቅ ይችላል። በዚህ ሥርዓት ትልቁ ሥልጣን ያለው በድምፅ መስጫው ሰዓት አይደለም። ረቂቁን አስቀድሞ የጻፈ፣ ሰብሳቢነቱን የያዘና እስከ ንጋት የሚቆዩ ጓዶች ያሉት ወገን ሥራውን ያን ጊዜ ጨርሷል። ተደራጅቶ የመጣ ጥቂት ሰው ሳይደራጅ የመጣን ብዙ ሰው ይመራል።

የዚህ አሠራር ፈተና ጎልቶ የወጣው በብሔረሰቦች ጥያቄ ላይ ነው። በ1961 መገባደጃ ፊላደልፊያ ላይ የተሰበሰበው 17ኛው የሰሜን አሜሪካ ማኅበር ጉባኤ የኤርትራን ጉዳይ ጨምሮ ነገሩን «ክልላዊነት» በሚል ዓይን አይቶ ነቀፈው። ጥቂት ቆይቶ በኅዳር 1962 ተማሪው ዋለልኝ መኮንን በአዲስ አበባው የተማሪዎች ጋዜጣ «ስትራግል» ላይ ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው ጽሑፍ ወጣ። በሚቀጥለው ወር፣ ታኅሣሥ 19፣ የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በነሐሴ 1961 አውሮፕላን ጠልፈው ካርቱም የገቡት፣ ብርሃነ መስቀል ረዳ ያለባቸው ሰባት ተማሪዎች ኋላ አልጀርስ ሰፍረው ነበርና፣ ከዚያ በ«ጥላሁን ታከለ» የብዕር ስም የተሠራጨ ጽሑፍ የፊላደልፊያውን አቋም አጥብቆ ተቸ። የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እስከ መገንጠል መሆን አለበት የሚል ነበር። በነሐሴ 1963 በርሊን ላይ የተሰበሰበው 11ኛው የአውሮፓ ማኅበር ጉባኤ ይህንኑ መርሕ ተቀበለ። በዚያው ክረምት ሎስ አንጀለስ የተጠራው 19ኛው የሰሜን አሜሪካ ጉባኤ በዚሁ ጉዳይ ታመሰ፤ ትናንት አንድ የነበሩ ጓደኛሞች ተለያዩ።

በእነዚህ ዓመታት በአዳራሹ ውስጥ አንድ የማይነገር ነገር ነበር። በነሐሴ 1960 ሃምቡርግ ላይ ኃይሌ ፊዳና ጓደኞቹ መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን (መኢሶን) በሕቡዕ መሥርተዋል። ኃይሌ በይፋ የሚታወቀው በአውሮፓው ማኅበር መሪነቱ ነው። በሚያዝያ 1964 ደግሞ ሌላ ቡድን በርሊን ተሰብስቦ በ1967 ክረምት የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) ተብሎ የታወጀውን ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱም አባላት ወደ ጉባኤ የሚገቡት እንደ ማንኛውም ተማሪ ነበር። ከጎኑ የተቀመጠው ሰው የሚናገረው የራሱን ሐሳብ ይሁን ድርጅቱ የወሰነውን፣ ተራው አባል የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም።

ሕቡዕነቱ ያለ ምክንያት አልመጣም። ዘውዱ ፓርቲ ማቋቋምን አይፈቅድም፤ የንጉሡ ፀጥታ ሰዎች ውጭ አገርም ጆሮ ነበራቸው፤ ወላጆችና ወንድሞች ያሉት አገር ቤት ነው። በጊዜው የተከበረው የሌኒን ትምህርትም የብዙኃን ማኅበርና ግንባር ቀደም ፓርቲ የተለያዩ እንዲሆኑ፣ ፓርቲው ግን በማኅበሩ ውስጥ ሆኖ እንዲመራ ያዝዛል። ምክንያቱ እውነት ቢሆንም ጉዳቱን አያስቀርም። የፖለቲካ እምነት መያዝ የማንም መብት ነው፤ ለክፍት ጉባኤ አደገኛ የሆነው የተሰወረው አባልነት ነው። በሐሳብ የተለየ ሰው ሊያሳምን ይችላል፣ ራሱም ሊያምን ይችላል። መልሱን ከጉባኤው በፊት ሌላ ቤት ወስኖ የመጣ ሰው ግን ክርክሩን የሚያየው ጊዜ እንደሚፈጅ ሥርዓት ብቻ ነው።

በ1960ዎቹ አጋማሽ መለያየቱ ይፋ ሆነ። የአውሮፓው ማኅበር የመኢሶን ደጋፊዎች ምሽግ ሆኖ ሲቀር፣ የሰሜን አሜሪካው ማኅበርና «ፌዴሬሽን» ተብሎ የሚታወቀው የዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ፌዴሬሽን ወደ ኢሕአፓ አዘነበሉ። በየካቲት 1966 አብዮቱ ሲፈነዳ ጠቡ ተጠቅልሎ አገር ቤት ገባ። ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» አለ፤ መኢሶን ውሎ አድሮ ሥልጣን ለያዘው ወታደራዊ መንግሥት፣ ለደርግ፣ «ሂሳዊ ድጋፍ» መስጠትን መረጠ። በውጭ ጉባኤዎች የተለመደው አሠራር ወደ ሠራተኛና መምህራን ማኅበራትም ተሸጋገረ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ውስጥ የኢሕአፓ ተጽዕኖ ሲጎላ ደርግ ማኅበሩን በ1968 አገደውና በ1969 በራሱ በሚቆጣጠረው ማኅበር ተካው። መኢሶን በነሐሴ 1969 ከደርግ ተለይቶ ሕቡዕ ገባ፤ ኃይሌ ፊዳ ተይዞ በእስር ከቆየ በኋላ ተገደለ። የኢሕአፓው ብርሃነ መስቀል ከራሱ ፓርቲ አመራር ጋር ተጣልቶ «አንጃ» ተባለ፤ በመጨረሻ በደርግ እጅ ወድቆ ሞተ። በሐሳብ የሚለይ ሁሉ ወይ «አንጃ» ወይ «ባንዳ» የሚባልበት ጊዜ ነበር። ከዚያ ትውልድ መካከል በቀይ ሽብር ያለቀው ወጣት ብዛት ዛሬም ልብ ይሰብራል።

የክርክሩ መዘዝ በጎንደር ያሉትን የሰሜን ተራሮች ግርጌም አልማረም። ከጎንደር ወደ ትግራይ የሚያልፈው መንገድ ዳባትንና ደባርቅን አቋርጦ በሊማሊሞ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ስለዚህ ለማንም ተዋጊ ዋና መስመር ነው። በዚህ አካባቢ መጀመሪያ የተነሳው የተማሪዎቹ ግራ ክንፍ አልነበረም። ራስ መንገሻ ሥዩምና ጄኔራል ነጋ ተገኝ የነበሩበት የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት (ኢዲዩ) ከሱዳን ድንበር ተነስቶ በ1969 መተማንና ሁመራን ያዘ። እዚህ ላይ የጉባኤዎቹ አንድ ትልቅ ጉድለት ይታያል። «መሬት ለአራሹ» የተቀረጸው በአመዛኙ በደቡቡ የጭሰኝነት ሥርዓት አምሳል ነው። የወገራና የሰሜን ገበሬ ግን ብዙው ባለርስት ስለነበር የየካቲት 1967ቱን የመሬት አዋጅ በጥርጣሬ ነበር የተቀበለው፤ ኢዲዩም ከዚህ ተጠቅሟል። ፊላደልፊያና በርሊን ላይ ስለ ባላገሩ ብዙ ውሳኔ ተላልፏል፤ ባላገሩ ግን መቀመጫ አልነበረውም። ማኅበራቱ ለተማሪ ሁሉ ክፍት ሲሆኑ፣ ስሙ በየአንቀጹ ለሚጠራው ሰው በተፈጥሯቸው ዝግ ነበሩ።

የኢሕአፓ ሠራዊት በ1970 ዓ.ም. ትግራይ ውስጥ አሲምባ ላይ በሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ (ሕወሓት) ተሸንፎ በኤርትራ በኩል ወደ ጎንደር ክፍለ ሀገር ዞረ፤ በሰሜን ተራሮች ማዶ ባሉት በጠለምት፣ በወልቃይትና በጠገዴ ቆላዎች ተንቀሳቀሰ። ከውስጡ በተነሳ ቅሬታ የተለዩ ሰዎች በኅዳር 1973 የኢትዮጵያ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ኢሕዴን) መሠረቱ። እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አካባቢው የጦርነት ቀጠና ነበር፤ በሳንቃ በር የተጀመረው የጥበቃ ሥራ ለዓመታት ተስተጓጎለ። ከአዳራሽ የተነሳ ጠብ የዋልያው መኖሪያ ድረስ ደረሰ።

የተለያዩት ወገኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ያን ጊዜ ለማስታወስ ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የማኅበራዊ ጥናት መድረክ የቀድሞ የተማሪዎች ንቅናቄ ተሳታፊዎችን አዳማ ሰብስቦ አነጋገረ፤ ንግግሩ ተቀርጾ በፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2010 በመጽሐፍ ወጣ። ከዚያ ቀደም ብሎ አንዳርጋቸው አሰግድ ከመኢሶን በኩል፣ ክፍሉ ታደሰ ከኢሕአፓ በኩል ጽፈዋል። ሦስቱን አስተያይቶ ያነበበ ሰው ያኔ በየጉባኤው ያልተነገረው ምን እንደነበር ይረዳል።

የክፍት ጉባኤ ባለቤት ማን ነው የሚለው ያው ጥያቄ በአዲሱ ምዕተ ዓመት በሌላ ስም ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ብራዚል፣ ፖርቶ አሌግሬ የተጀመረው የዓለም ማኅበራዊ ፎረም በዚያው ዓመት ባወጣው የመርሕ ሰነድ ራሱን ክፍት የመሰብሰቢያ ቦታ ብሎ ሰየመ። ፓርቲዎችና የታጠቁ ድርጅቶች ተወካይ አይልኩም፤ ማንም በፎረሙ ስም አቋም አይወስድም፤ ውሳኔም በድምፅ አይተላለፍም። የተማሪዎቹ ማኅበራት ያሳለፉትን መከራ ያየ ሰው የዚህን ደንብ ጥበብ አይክድም። ሆኖም ደንቡ ብቻውን አልበቃም። የፖርቶ አሌግሬ ከተማ አስተዳደር በሠራተኞች ፓርቲ እጅ ነበር፤ ጉባኤውንም በገንዘብ ይደግፍ ነበር። የብራዚሉ ሉላ ፕሬዚዳንት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003፣ የቬኔዙዌላው ሁጎ ቻቬዝ በ2005 በዚያ ንግግር አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ፎረሙን ሙምባይ ላይ ያሰናዱት ሕንዶች ከፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ አንቀበልም አሉ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቺኮ ዊታከር ቦታው ክፍት ሆኖ እንዲቀር ሲሟገቱ፣ ፊሊፒናዊው ዋልደን ቤሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ፎረሙ አቋም የማይወስድ ከሆነ ለሌላ ዓይነት ትግል ቦታ መልቀቅ አይኖርበትም ወይ ሲሉ ጠይቀዋል።

አፍሪካም ድርሻዋን ወስዳለች። የመጀመሪያው የአፍሪካ ማኅበራዊ ፎረም እ.ኤ.አ. በጥር 2002 ባማኮ፣ ሁለተኛው በጥር 2003 አዲስ አበባ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በጥር 2007 ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ስታዲየም ላይ በተዘጋጀው የዓለም ፎረም ደግሞ የክፍትነት ነገር በገንዘብ ተለካ። መግቢያው ለኬንያውያን 500 ሽልንግ ነበርና የሰፈር ድሆች በር ላይ ቆመው ተቃወሙ፤ የምግቡ ዋጋ ከአቅማቸው በላይ መሆኑ የጎዳና ልጆችን አስቆጥቶ የምግቡን ድንኳን ወረሩት። ስለ ድሃ በተጠራ ጉባኤ ድሃው በር ላይ ሲቀር ማየት ለአዘጋጆቹ ትልቅ ሐፍረት ነበር፤ መግቢያውም በኋላ ተከፈተ።

በኢትዮጵያ የማኅበራትን ገንዘብና ነፃነት የሚመለከተውን ጥያቄ ሕግ ያዘው። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ማኅበር በሰብዓዊ መብት፣ በዴሞክራሲና በመሰል ጉዳዮች እንዳይሠራ ከለከለ። የተሰጠው ምክንያት የፖለቲካ ነፃነት ነው፤ ውጤቱ ግን አብዛኞቹን የመብት ማኅበራት ማዳከም ሆነ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የገቢ ገደቡን አነሳ። ከዚያ ወዲህ አጀንዳውን ማን እንደሚጽፍ፣ የአዳራሹን ኪራይ ማን እንደሚከፍልና አባላት የፓርቲ ወገንተኝነታቸውን ለጉባኤው ማስታወቅ አለባቸው ወይ የሚለው በአመዛኙ ለየማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ የተተወ ነው።