ያልተነካ ታሪፍ፣ የመነመነ ገቢ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ብርሃንና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የመብራት ታሪፍ ሁለት ነገሮችን ማስታረቅ ነበረበት፤ እነርሱም የሕዝቡ የመክፈል አቅምና የአገልግሎቱ ወጪ ናቸው።

በ1998 ዓ.ም. የወጣው ታሪፍ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይሻሻል ቆየ። በዚሁ ታሪፍ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት የማይበልጥ ኃይል የሚጠቀም ቤተሰብ ለአንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው 27 ሳንቲም ያህል ነበር። ይህ ሒሳብ በመጀመሪያ ሦስት የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ያወጣ ነበር፤ የብር የምንዛሪ ዋጋ እየወረደ በመሄዱ ግን በመጨረሻ ወደ አንድ ሳንቲም ዝቅ አለ። ገቢው በብር ሲሰበሰብ የተርባይንና የማስተላለፊያ መሣሪያ ግዢ በውጭ ምንዛሪ ይፈጸም ስለነበረ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው ማሻሻያ ታሪፉን በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ከፍ ሲያደርግ፣ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙትን ሳይነካ አለፈ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በየሩብ ዓመቱ የሚጨምር ሌላ ታሪፍ ተከተለ።

ከታሪኩ እንደሚታየው፣ በታሪፍ ያልተሰበሰበ ወጪ አይሠረዝም፤ መንግሥት በዕዳ፣ ደንበኛውም በመብራት መቆራረጥና ዘግይቶ በሚመጣ ከባድ ጭማሪ ይከፍለዋል።