የእናት ወተትና የጎረቤት ምክር

«ወተቴ አልበቃው አለ» የምትል አራስ በየሰፈራችን አትጠፋም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። ታሪክን ስንመረምር ግን ችግሩ የሚመነጨው አብዛኛውን ጊዜ ከእናቲቱ ሳይሆን ከዙሪያዋ ሆኖ እናገኘዋለን።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ማጥባትን መሙላት ለሚሻ ሁለት ሙሉ ዓመታትን ሲደነግግ፣ የእናቲቱን ቀለብና ልብስ ደግሞ በአባት ላይ አድርጓል። የምታጠባ ሴት ብቻዋን አልተተወችም ማለት ነው።

ኸሊፋው ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በአንድ ሌሊት መዲና ውስጥ ሲዘዋወሩ የሕፃን ለቅሶ ደጋግመው መስማታቸው ይተረካል። እናቲቱን ቢጠይቋት፣ ዑመር ድጎማ የሚሰጡት ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ በመሆኑ ያለጊዜው ልታስጥለው እንደምትታገል ማንነታቸውን ሳታውቅ ነገረቻቸው። ኸሊፋው አለቀሱ። ሲነጋም ድጎማው ከውልደት ጀምሮ እንዲሰጥ አወጁ። እናቲቱን አልወቀሱም፤ ያስቸገራትን ደንብ ለወጡ።

ከብዙ ዘመናት በኋላ በአሜሪካ ሌላ ዓይነት ችግር ተከሰተ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሕፃናት በየሆስፒታሉ ከእናታቸው ተለይተው ይተኙ፣ በየአራት ሰዓቱ ብቻም እንዲጠቡ ይደረግ ነበር። ጡት ግን ወተት የሚያመነጨው ሕፃኑ በጠባው መጠን ነው። ስለዚህ ወተቱ ቀነሰ፣ ጡጦ ተተካ። የራሷ እናት በጡጦ ያሳደገቻት ሴት ደግሞ የምትጠይቀው ሰው አጣች።

እ.ኤ.አ. በ1956 ቺካጎ አቅራቢያ ማሪ ዋይትና ማሪያን ቶምፕሰን የተባሉ እናቶች በአንድ የሽርሽር ቦታ ልጆቻቸውን ሲያጠቡ፣ ሌሎች እናቶች እየቀረቡ «እኛም ሞክረን አቅቶን ነበር» አሏቸው። በዚያው ዓመት ሰባት ሴቶች ፍራንክሊን ፓርክ በሚገኘው በማሪ ዋይት ቤት ስብሰባ ጀመሩ። ማኅበራቸውን ላ ሌቼ ሊግ አሉት፤ «ሌቼ» በስፓኒሽ ወተት ማለት ነው። መሥራቾቹ የካቶሊክ እምነት ተከታዮች ነበሩ፤ መልካም ሥራ ግን ከማንም ይማሩታል። ዘዴያቸው ቀላል ነበር። ያጠባች ለምታጠባ ትነግራለች፤ አዲሲቱም ሌላዋ ሕፃኗን እንዴት እንደምትይዝ በዓይኗ ታያለች። በ1958 ልምዳቸውን በመጽሐፍ አወጡ።

በአውስትራሊያ በ1964፣ በኖርዌይም በ1968 እናቶች ተመሳሳይ ማኅበራት አቋቋሙ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ1989 ለወሊድ ተቋማት ባወጧቸው አሥር እርምጃዎች ውስጥ አሥረኛው የእናቶች መረዳጃ ቡድኖችን ማበረታታት ነበር። በሰው ሳሎን የተጀመረው ጨዋታ የሐኪም ቤት መመሪያ ለመሆን በቃ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነውን? አራስ ጥየቃችን፣ ገንፎውና አጥሚቱ፣ ልጁን ተቀብለው «እንዲህ አድርገሽ ያዥው» የሚሉት እናቶቻችን ይህንኑ ሲሠሩ ኖረዋል። ዛሬ ግን ከዘመድ ርቃ፣ በሯን ዘግታ የምታርስ እህት በዝታለች። ጥየቃውም ገንፎ አድርሶ፣ መርቆ ወደ መውጣት እያጠረ ነው።

እንግዲህ እህቶች! አራስ ስትጠይቁ ጥቂት ተቀመጡ። ሕፃኑ እንዴት እንደሚጠባ እዩላት፤ እናንተም የተቸገራችሁበትን ቀን ሳታፍሩ ንገሯት። ትኩሳት ካላት ወይም ልጁ ክብደት ካልጨመረ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ወንድሞችም የቤቱን ሥራ አቅልሉላት። ዑመር (ረ.ዐ.) ያንን ለቅሶ ሰምተው አላለፉትም፤ እኛስ የጎረቤታችንን እንሰማ ይሆን?