የዱቤ ካርድና ገቢው የቀነሰበት ባለዕዳ

በአሜሪካ ዱቤ ከካርድ በፊት የነበረ ነገር ነው። የመንደሩ ባለሱቅ የደንበኛውን ስም በመዝገቡ እየጻፈ ዕቃ ይሰጥ ነበር፤ ገበሬው ምርቱን ሲሸጥ፣ ሠራተኛውም ደመወዙን ሲቀበል ሒሳቡን ይዘጋል። ደንበኛው ከሥራ የወጣ እንደ ሆነ ባለሱቁ ወሬውን ሳይዘገይ ስለሚሰማ፣ እንደ ሰውየው ጠባይ ወይ ዱቤውን ያቋርጣል ወይ ቀኑን ያራዝምለታል፤ ባለገንዘብና ባለዕዳ ይተዋወቁ ነበርና። የዱቤ ካርድ ይህን መተዋወቅ አስቀረው። በምትኩ ምን እንደ መጣና ገቢው የቀነሰበት ሰው በመካከሉ ምን እንደ ገጠመው መመርመር ለገንዘብ ባለሙያ ከንቱ ድካም አይሆንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1950 ፍራንክ ማክናማራና ራልፍ ሽናይደር በኒው ዮርክ ያቋቋሙት ዳይነርስ ክለብ መጀመሪያ የሰጠው ካርድ ከካርቶን የተሠራ ነበር። አባሉ በየምግብ ቤቱ ከበላ በኋላ ሒሳቡን በወሩ ላይ በአንድነት ይከፍላል፤ ዕዳውን ከወር ወደ ወር ማሸጋገር ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህ ገቢው ድንገት የተቋረጠበት አባል የሚጠየቀው ከአጭር ጊዜ ፍጆታው አያልፍም ነበር። ነገሩን ከሥሩ የለወጠው፣ ወለድ እየከፈሉ ቀሪውን ዕዳ ማንከባለል የሚቻልበት ካርድ መምጣቱ ነው።

ይህ በሰፊው የተሞከረው በሴፕቴምበር 1958 በካሊፎርኒያ፣ በፍሬስኖ ከተማ ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በጆሴፍ ዊልያምስ መሪነት 60,000 ያህል ካርዶችን ላልጠየቁ ሰዎች በፖስታ ላከ። ከተማዋ የተመረጠችው ከነዋሪዋ ከፍ ያለው ክፍል የባንኩ ደንበኛ ስለ ነበረ ነው። ካርዱ የደረሰው ሰው ማመልከቻ አልጻፈም፤ ዋስም አልጠራም፤ ነገር ግን ጥቂት መቶ ዶላር ሊበደር ተፈቅዶለታል። ባንኩ ዕዳቸውን በጊዜው የማይከፍሉት ከመቶ 4 ያህል ይሆናሉ ብሎ ሲገምት የሆነው ከመቶ 22 ነው። በሌላ ሰው ካርድ የሚገበያዩ አጭበርባሪዎችም ተነሡ። ባንኩ በይፋ ያመነው ኪሣራ 8.8 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የማስታወቂያና የአስተዳደር ወጪው ሲታከልበት ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ዊልያምስም በ1959 መጨረሻ ባንኩን ለቀቀ።

የሚያስገርመው ኪሣራው ሳይሆን ባንኩ ካርዱን አለመተዉ ነው። የማስከፈል ሥራውን አጠናክሮ ቀጠለ፤ በ1961ም ካርዱ ትርፍ ማስገባት ጀመረ። በዓመት እስከ ከመቶ 18 የሚደርስ ወለድ ሲሰበሰብ፣ ቀስ ብለው የሚከፍሉት ሰዎች ፈጽሞ ያልከፈሉትን ጉድለት ይሸፍናሉ። ከዚህ በኋላ ለአበዳሪው ጥሩ ደንበኛ ማለት ሒሳቡን በየወሩ የሚዘጋው ሳይሆን ሳይዘጋ የሚቆየው ሆነ። የቀድሞው ባለሱቅ ይህን ቢሰማ የሚያምን አይመስልም።

ሌሎች ባንኮችም በ1960ዎቹ ያንኑ መንገድ ተከትለው ካርድ በገፍ ሲልኩ፣ ያልተጠየቀ ካርድ መላክ በ1970 በሕግ ተከለከለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1968 የወጣው የሸማቾች ብድር ጥበቃ ሕግ አበዳሪው የወለዱን ልክ በግልጽ እንዲያስታውቅ ከማዘዙም በላይ፣ ባለገንዘብ በፍርድ ከሠራተኛ ደመወዝ የሚያስይዘው በሕግ የሚቆረጠው ተቀንሶ ከሚተርፈው ገቢ ከመቶ 25 እንዳይበልጥ ወስኗል። ደመወዙ ስለ አንድ ዕዳ የተያዘበትን ሠራተኛም በዚሁ ምክንያት ከሥራ ማባረር ከልክሏል። ይህ ድንጋጌ ብዙ አይወራለትም፤ ነገር ግን ባለዕዳው የሚከፍልበትን ሥራ እንዳያጣ የሚጠብቅ ስለ ሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ወደ ችግሩ ሥር የቀረበ ነው።

ወለድን የሚወስነው ሕግ በየክፍለ አገሩ ይለያይ ነበር። በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርኬት በተባለው ባንክ ክስ የሰጠው ውሳኔ ይህን ልዩነት ትርጉም አሳጣው። የነብራስካው ባንክ በአገሩ የተፈቀደለትን ከመቶ 18 ወለድ፣ ከመቶ 12 በላይ በማይፈቀድባት በሚነሶታ ያስከፍል ነበር፤ ፍርድ ቤቱም በፌዴራል ፈቃድ የተቋቋመ ባንክ የመሥሪያ ቤቱን ክፍለ አገር ልክ በሌላም ሥፍራ ሊያስከፍል ይችላል አለ። ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚነሶታ ቁጥር እንግዳ አይደለም፤ በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ተዋዋዮች የሚስማሙበትን የብድር ወለድ የወሰነው በከመቶ 12 ነው። ልዩነቱ የሚነሶታው አጥር ሳይፈርስ መታለፉ ላይ ነው። ሳውዝ ዳኮታ በ1980 የወለድ ገደቧን አነሣች፤ ሲቲባንክም በማግሥቱ ዓመት የካርድ ሥራውን ወደዚያ አዛወረ፤ ዴላዌርም በ1981 ተመሳሳይ ሕግ አወጣች።

ጊዜው የዋጋ ንረት የበረታበት ነበር። ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር በማርች 1980 የብድር ቁጥጥር ባወጁ ጊዜ ብዙ ሰዎች ካርዳቸውን በመቀስ እየቆራረጡ ወደ ዋይት ሐውስ ላኩ። ፍጆታ ከታሰበው በላይ ስለ ቀነሰም ቁጥጥሩ በዚያው ዓመት በጁላይ ተነሣ። ከዚያም በ1982 መጨረሻ ሥራ አጥነት ከመቶ 10.8 ደረሰ። ከሥራ የተሰናበተው ሰው ካርዱ ግን በኪሱ ነበር፤ ባንኩም ሥራውን ማጣቱን አያውቅም፤ የሚያውቀው ክፍያው ሲቋረጥ ነው።

ገቢው የቀነሰበት ሰው በመጀመሪያ የሚይዘው ዝቅተኛውን ወርኃዊ ክፍያ ነው። ይህ ክፍያ ቀድሞ የቀሪው ዕዳ ከመቶ 5 ያህል ሲሆን፣ ኋላ ብዙ ባንኮች ወደ ከመቶ 2 አወረዱት። ለችግረኛው የታሰበለት ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። የ3,000 ዶላር ዕዳ በዓመት ከመቶ 18 ቢታሰብበት የወሩ ወለድ 45 ዶላር ነው። በቀድሞው ልክ 150 ዶላር የሚከፍለው ሰው 105ቱ ዋናውን ዕዳ ይቀንስለታል፤ አዲስ ዕዳ ሳይጨምር በዚያው ልክ ቢቀጥል ዕዳው በ20 ወር ግድም በግማሽ ይወርዳል። በከመቶ 2 የሚከፍለው ግን 60 ዶላር ሰጥቶ ዋናው የሚቀንሰው በ15 ዶላር ብቻ ነው፤ ዕዳው በግማሽ የሚወርደውም ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን ክፍያ ለጥቂት ወራት መተንፈሻ ያደረገውና መኖሪያ ያደረገው ሰው ዕጣቸው እጅግ የተራራቀ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምክርና ድርድር ነበር። በ1951 የተቋቋመው ብሔራዊ የሸማቾች ብድር ድርጅትና ከእርሱ ጋር የሚሠሩ የየከተማው ምክር ሰጪዎች የቤተሰቡን ገቢና ወጪ መርምረው፣ ወለዱ እንዲቀነስ ባንኮቹን እየጠየቁ፣ ባለዕዳው በየወሩ አንድ ክፍያ ብቻ እንዲከፍል ያመቻቹ ነበር። የገንዘባቸው ዋና ምንጭ አበዳሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ግን ከትችት አላዳናቸውም፤ ትችቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። ገንዘቡን የሚሰጠው ባንክ ባለበት፣ ጨርሶ መክፈል ለማይችለው ሰው ወደ ፍርድ ቤት ሂድ ብሎ መምከር ቀላል አይደለም።

ይህን ሁሉ ያለፈበት ሰው 180 ቀን ሳይከፍል ሲቆይ ባንኩ ሒሳቡን እንደ ኪሣራ ይሰርዘዋል። ይህ የባንኩ የመዝገብ ሥራ እንጂ የዕዳ ምሕረት አይደለም፤ ዕዳው በርካሽ ተሽጦ ሌላ ጠያቂ ይመጣል። ጠያቂዎች በሌሊት እንዳይደውሉ፣ እንዳይዝቱና እንዳያዋርዱ የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1977 ነው። የመጨረሻው በር በ1978 የተሻሻለው የኪሣራ ሕግ ሲሆን፣ ከካርድ ዕዳ በፍጥነት መገላገልን ወይም ከገቢ እየቆረጡ በጥቂት ዓመታት መክፈልን ፈቀደ። በ2005 ደግሞ ገቢው ከተወሰነ ልክ በላይ የሆነው ሰው የመጀመሪያውን እንዳይመርጥ መመዘኛ ገባበት።

በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ አበዳሪው በነባር ዕዳ ላይ ወለድ እንዳይጨምር፣ ባለዕዳው 60 ቀን ካልዘገየ በቀር፣ አብዛኛውን ጊዜ ከለከለ። በየወሩም መግለጫ ላይ፣ ዝቅተኛውን ብቻ የሚከፍል ሰው ስንት ዓመት እንደሚፈጅበትና በ36 ወር ለመጨረስ ስንት መክፈል እንዳለበት እንዲታተም አዘዘ። ገቢው ለቀነሰበት ሰው ወለድ ዝቅ እንዲል ግን ሕጉ አያስገድድም፤ ያ በባንኩ ፈቃድና በባለዕዳው ጥያቄ የሚሆን ነው።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ በኤፕሪል ሥራ አጥነት ከመቶ 14 አለፈ፤ የካርድ ዕዳ ግን በዚያው ወቅት ቀነሰ። መንግሥት ለአዋቂ ሰው እስከ 1,200 ዶላር ሰጥቶ፣ ለሥራ አጡም በየሳምንቱ 600 ዶላር ጨምሮ ነበር፤ የሚወጣበት ገበያም ተዘግቷል። ድጎማው ካበቃና የኑሮ ውድነት ከመጣ በኋላ፣ በ2023 የአገሪቱ የካርድ ዕዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።